የብዙ ሕዝብ ፊት የለበሰ ሰው፤ የኖብል ጆንሰን ሕይወትና ሥራ

በሰቲት፣ በአንገረብና በአትባራ ወንዞች መካከል የተዘረጋው የፋሽጋ ምድር በሰሊጡና በማሽላው የታወቀ ነው። በዚህ አገር የገዳሪፍ ነጋዴ ከመተማና ከሑመራ ነጋዴ ጋራ ሲገናኝ፣ አንዱ በዐረብኛ ሌላው በአማርኛ ወይም በትግርኛ ቢናገርም መግባባት አያቅታቸውም፤ ከአባት የተወረሰ መተዋወቅ አለና። ድንበርተኛ ለጠብም ሆነ ለፍቅር የጎረቤቱን መልክ አይስትም።

ርቆ የሚኖር ሰው ግን እንዲህ አይደለም። ብዙ የአውሮፓና የአሜሪካ ሰው የሱዳንን ምሥራቅ ያወቀው በሲኒማ ቤት ጨለማ ውስጥ ተቀምጦ በነጭ ሸራ ላይ ባየው ሥዕል ነው። በሸራው ላይ ጥምጥም ጠምጥሞ ጎራዴ ይዞ የሚታየው ሰው በእውነት የአገሩ ተወላጅ መሆን አለመሆኑን የጠየቀ ጥቂት ነው። ከዚያ ፊት በስተኋላ ግን አንዳንድ ጊዜ ከሌላ ክፍለ ዓለም የመጣ፣ የራሱንም ወገን ታሪክ ለመናገር ሞክሮ የተከለከለ ሰው ነበረ። ከእነዚህ አንዱ ኖብል ጆንሰን የተባለው ጥቁር አሜሪካዊ ነው። የሕይወቱ ታሪክ ለሲኒማ ወዳጆች ብቻ ሳይሆን ለንግድና ለአስተዳደር ሰዎችም ብዙ የሚያስተምር ስለ ሆነ፣ ከዚህ ቀጥሎ ባጭሩ ተጽፏል። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የፈረሰኛው ልጅ

ኖብል ጆንሰን በ1881 ዓ.ም. በሚዙሪ ግዛት ማርሻል በምትባል ከተማ ተወለደ። ቤተ ሰቡ ወደ ኮሎራዶ ስፕሪንግስ ስለ ተዛወረ ያደገው በዚያ ነው። አባቱ የታወቁ ፈረስ አሠልጣኝ ነበሩ። ልጁም ገና በወጣትነቱ ትምህርቱን ትቶ የእሽቅድምድም ፈረሶችን እየነዳ ከአባቱ ጋራ ከከተማ ወደ ከተማ ይዞር ጀመር፤ ኋላም ከብት ጠባቂ ሆኖ ሠራ። በኮሎራዶ ስፕሪንግስ ከአብሮ አደጎቹ አንዱ፣ ኋላ ፊቱን በልዩ ልዩ መልክ እየለዋወጠ በመጫወት ዝናው በዓለም የተሰማው ሎን ቼኒ ነበረ። ከአንድ ሰፈር የወጡ ሁለት ልጆች ሁለቱም መልክ በመለወጥ እንጀራቸውን መብላታቸው የሚያስገርም ነው። ነገር ግን ሎን ቼኒ መልኩን የሚለውጠው በፈቃዱ ሲሆን፣ ኖብል ጆንሰን የሚለውጠው ሌላ በር ስላልተከፈተለት ነው።

ወደ ሲኒማ የገባው ባጋጣሚ ነው። ሉቢን የተባለው የፊልም ኩባንያ በኮሎራዶ ሥራ ላይ ሳለ አንድ ተዋናይ ስለ ተጎዳበት፣ ፈረስ አሳምሮ የሚጋልብ ሰው ፈለገ። ኖብል ጆንሰንም በዚህ ጊዜ የአሜሪካ ቀይ ሕንድ ሆኖ ተጫወተ። ቁመቱ ከስድስት ጫማ በላይ፣ ትከሻው ሰፊ፣ ፊቱ ግርማ ያለው ነበረ። የቆዳው ቀለም ቀላ ያለ በመሆኑና የዚያን ጊዜው ፊልምም ጥቁርና ነጭ ብቻ ስለ ነበረ፣ በዱቄትና በቀለም ትንሽ ሲረዱት የፈለጉትን ሕዝብ መልክ ይሰጥ ነበር። ይህ ስጦታ ለሠላሳ አምስት ዓመት ያህል እንጀራ ሰጠው፤ በዚያው ልክም የራሱን ስም ሸፈነበት።

የሊንከን ኩባንያ መቋቋም

በ1915 ዓ.ም. «የአንድ ሕዝብ መወለድ» የተባለው ፊልም በአሜሪካ ታየ። ይህ ፊልም ጥቁሩን ሰው እንደ አውሬ፣ ሰውን በሌሊት እያሳደዱ የሚገድሉትን የኩ ክላክስ ክላን ማኅበርተኞች ደግሞ እንደ ጀግኖች አድርጎ ያሳየ ነው። ጥቁር አሜሪካውያን በየከተማው ተቃወሙ፤ ነገር ግን ፊልምን በጩኸት ብቻ መመለስ እንደማይቻል ያስተዋሉ ሰዎች ነበሩ። ኖብል ጆንሰን በ1916 ዓ.ም. ከጥቂት ባልንጀሮቹ ጋራ ሆኖ የሊንከን ተንቀሳቃሽ ሥዕል ኩባንያን መሠረተ፤ እርሱም ፕሬዚዳንት ሆነ። ከመሥራቾቹ መካከል ተዋናዩ ክላረንስ ብሩክስና የመድኃኒት ነጋዴው ዶክተር ጄምስ ስሚዝ ይገኙበታል። ካሜራውን የያዘው ሃሪ ጋንት የተባለ ነጭ አሜሪካዊ ነበረ። ለጥቁር ተመልካች ጥቁሩን በክብር የሚያሳይ ፊልም ለመሥራት ከተነሡት የመጀመሪያ የጥቁሮች ኩባንያዎች አንዱ ይህ ነው።

የመጀመሪያው ፊልማቸው «የአንድ ጥቁር ሰው ምኞት መፈጸም» የሚል ነው። ታሪኩ ቀላል ነው። ጄምስ በርተን የተባለ ወጣት በተስኪጊ ትምህርት ቤት የምሕንድስና ሙያ ተምሮ ይወጣል። የአባቱን እርሻ ትቶ ሥራ ፍለጋ ወደ ካሊፎርኒያ የዘይት ጉድጓዶች ይሄዳል፤ በዚያም በቆዳው ምክንያት ሥራ ይነፈጋል። ነገር ግን የአንድ ዘይት ባለሀብት ልጅ በሠረገላ አደጋ ልትጠፋ ስትል ያድናታል፤ አባትየውም ሥራ ይሰጡታል። በዚያ ሲሠራ የመሬቱን ጠባይ እየመረመረ፣ የአባቱ እርሻ ተመሳሳይ መሬት መሆኑን ይረዳል፤ ተመልሶም ዘይት አገኘበት። በፊልሙ ውስጥ ጥቁሩ ሰው አይለምንም፣ አይሰርቅም፣ ሌሎችንም ለማሳቅ አይወላገድም። ተምሮ፣ ሠርቶ፣ በዕውቀቱ ይከብራል። ዛሬ ይህ ተራ ነገር ይመስል ይሆናል፤ በ1916 ዓ.ም. ግን በአሜሪካ ሸራ ላይ አዲስ ነገር ነበረ።

ሁለተኛው ፊልም በዚያው ዓመት በሰኔ ወር በሜክሲኮ ካሪዛል ላይ ስለ ተዋጋው ስለ ዐሥረኛው ፈረሰኛ ክፍለ ጦር፣ ማለት ስለ ጥቁር ወታደሮች ተጋድሎ የሚናገር ነው። ኖብል ጆንሰን ራሱ በዚህ ፊልም ግንባር ቀደም ሆኖ ተጫወተ፤ ሰነፍ የተባለ ሰው በጦር ሜዳ ወንድነቱን ሲያስመሰክር አሳየ። ሦስተኛው «የተፈጥሮ ሕግ» የሚባለው ሲሆን በ1917 ዓ.ም. ወጣ።

የፖስታ ቤቱ ጸሓፊ

የኩባንያው ሁለተኛ ምሰሶ የኖብል ወንድም ጆርጅ ጆንሰን ነበረ። ጆርጅ በኔብራስካ ግዛት በኦማሃ ከተማ የፖስታ ቤት ሠራተኛ ነው። ቀን በመንግሥት ሥራው ላይ ውሎ፣ ሌሊት ለኩባንያው ይጽፋል፤ ለቴያትር ቤቶች ደብዳቤ ይልካል፤ በየከተማው ወኪል ይሾማል። ከወኪሎቹ መካከል የጥቁሮች ጋዜጣ ጸሓፊዎች ነበሩ፤ እነርሱም ስለ ፊልሙ እየጻፉ ሕዝቡን ይጠሩለት ነበር።

ነጋዴ አንባቢ በዚህ ስፍራ ቆም ብሎ ማስተዋል ይገባዋል። የሊንከን ኩባንያ ያጣው ጥሩ ዕቃ አይደለም፤ ገዢም አልጠፋበትም። ፊልሙ በታየበት ሁሉ አዳራሽ ሞልቶ ነበር። የጎደለው መንገድ ነው። ትልልቆቹ ኩባንያዎች ፊልሙን የሚሠሩትም፣ የሚያከፋፍሉትም፣ ብዙ ጊዜ የሚያሳዩበትም ቤት የራሳቸው ነበረ። ጥቁሮች የሚገቡባቸው ቴያትር ቤቶች ግን በቁጥር ጥቂቶች፣ እርስ በርሳቸውም የተራራቁ ናቸው። የፊልሙ ቅጂዎችም ጥቂት ስለ ነበሩ ከከተማ ወደ ከተማ እየዞሩ ይታያሉ። ከአንዱ ፊልም የሚገኘው ገንዘብ ተጠራቅሞ ሳያልቅ ሁለተኛው አይጀመርም። ሰሊጡን አጭዶ፣ ከምሮና ወቅቶ፣ ግመል ወይም መኪና አጥቶ ገበያው የሚያልፍበት ገበሬ ይህን ነገር ያለ አስተርጓሚ ይረዳዋል።

ስለ ሆነም ኖብል ጆንሰን ለኩባንያው ገንዘብ ለማግኘት በትልልቆቹ ኩባንያዎች ዘንድ መሥራቱን አላቆመም። ዩኒቨርሳል ለተባለው ኩባንያ በተከታታይ ፊልሞች ይጫወታል፤ ከደመወዙም ለሊንከን ያውላል። በአንድ በኩል ለባዕድ ታሪክ ሎሌ፣ በሌላ በኩል ለራሱ ታሪክ ጌታ ነበረ።

ሁለት ጌቶች

ይህ ኑሮ ከሁለት ዓመት በላይ አልቆየም። ጥቁሮች በሚገቡባቸው ቴያትር ቤቶች የኖብል ጆንሰን ስም የተጻፈበት ማስታወቂያ ሲለጠፍ፣ ሕዝቡ የዩኒቨርሳልን ፊልም ትቶ ወደ ሊንከን ፊልም መጉረፍ ጀመረ። የዩኒቨርሳል ፊልም የሚያሳዩት ቤቶች አቤቱታ አቀረቡ። ዩኒቨርሳልም ኖብል ጆንሰንን ከሁለት አንዱን እንዲመርጥ አስገደደው፤ ከሊንከን ኩባንያ እንዲወጣና ስሙና ሥዕሉ በሊንከን ማስታወቂያ ላይ እንዳይታይ ጠየቀው። በ1918 ዓ.ም. ኖብል ጆንሰን ከኩባንያው ፕሬዚዳንትነት ወጣ።

ስለዚህ ውሳኔው ብዙ መፍረድ ይቻላል። የገዛ ወገኑን ኩባንያ ለደመወዝ ብሎ ተወ የሚል ሰው አይጠፋም። ነገሩ ግን በዚያን ጊዜ በነበረው ሚዛን መመዘን አለበት። ኩባንያው ለፕሬዚዳንቱ የሚከፍለው በቂ ደመወዝ አልነበረውም፤ ይልቁንም የሚኖረው ፕሬዚዳንቱ ከውጭ በሚያመጣው ገንዘብ ጭምር ነበረ። ዩኒቨርሳልን ቢተው ሁለቱም እንጀራ ሊቀርበት ይችል ነበር። ድሀ ሲቸገር ከሁለት መልካም ነገሮች አይደለም የሚመርጠው፤ ከሁለት ጉዳቶች ነው።

ኩባንያው ከእርሱ በኋላ በዶክተር ስሚዝ ፕሬዚዳንትነት ሥራውን ቀጠለ። በ1918 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ በዓለም ሲዛመት በአሜሪካም ቴያትር ቤቶች ተዘጉ፤ ገቢውም ተቋረጠ። በዚያው ዘመን ኦስካር ሚሾ የተባለው ጥቁር ደራሲ መጽሐፉን ለሊንከን ኩባንያ ሊሰጥ ተነጋግሮ ነበር፤ ነገር ግን ፊልሙን እርሱ ራሱ እንዲመራ በመፈለጉ ሳይስማሙ ቀሩ። ሚሾም የራሱን ኩባንያ አቋቁሞ በ1919 ዓ.ም. ፊልሙን አወጣ፤ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት ሠራ። ሊንከን «በልደት መብት» የተባለውን የመጨረሻ ፊልሙን በ1921 ዓ.ም. በሎስ አንጀለስ አሳየና ብዙም ሳይቆይ ተዘጋ።

ሱዳን በሁለት ቦታ

ኖብል ጆንሰን ከዚያ ወዲህ የሌላ ሰው ታሪክ ውስጥ ገብቶ የሌላ ሕዝብ መልክ እየለበሰ ኖረ። በ1922 ዓ.ም. የሮቢንሰን ክሩሶ ሎሌ የሆነውን ፍራይዴይን ተጫወተ። በ1924 ዓ.ም. «የባግዳድ ሌባ» በተባለው ፊልም የሕንድ መስፍን ሆነ፤ በዚያው ዓመት በበስተር ኪተን ፊልም የሰው በላዎች አለቃ ሆኖ ታየ። በ1927 ዓ.ም. አጎት ቶም፣ በ1930 ዓ.ም. የዓሣ ነባሪ አዳኙ ኩዊክዌግ ሆነ። በዚህ ዐይነት ከመቶ በላይ በሆኑ ፊልሞች ተጫውቷል።

በ1929 ዓ.ም. ደግሞ ወደ ሱዳን ታሪክ ገባ። በዚህ ዓመት ፓራማውንት የተባለው ኩባንያ «አራቱ ላባዎች» የተሰኘውን ፊልም አወጣ። ታሪኩ የተወሰደው እንግሊዛዊው ሜሰን በ1902 ዓ.ም. ካሳተመው ልብ ወለድ ነው። አንድ የእንግሊዝ መኮንን ወደ ደርቡሾች ጦርነት ከመዝመት ቀርቶ ባልንጀሮቹ የፈሪነት ምልክት የሆነ ነጭ ላባ ይልኩለታል፤ እርሱም መልኩን ለውጦ ወደ ሱዳን በመሄድ ስሙን ያድሳል። ለእንግሊዝ አንባቢ ይህ የአንድ ወጣት የክብር ጉዳይ ነው። ለጠረፉ ሕዝብ ግን ያ ዘመን ሌላ ትዝታ አለው። ዐፄ ዮሐንስ ከደርቡሾች ጋራ ሲዋጉ በመተማ የወደቁት በመጋቢት 1889 ዓ.ም. ነው፤ ገዳሪፍም በመስከረም 1898 ዓ.ም. ከከሰላ በተነሣው በኮሎኔል ፓርሰንስ ጦር እስክትያዝ ድረስ በደርቡሾች እጅ ነበረች። ይህ ሁሉ በአራቱ ላባዎች ታሪክ ውስጥ የለም።

ፊልሙን ከመሩት መካከል ሜሪያን ኩፐርና ኧርነስት ሾድሳክ ይገኛሉ። ኩፐር ለዚህ ክፍል እንግዳ አልነበረም፤ ከጥቂት ዓመታት በፊት በመርከብ ሲዞር አዲስ አበባ ደርሶ የዚያን ጊዜውን አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኮንንን ለማነጋገር ችሏል። መርከቡ በየካቲት 1923 ዓ.ም. ከዚህ ባሕር ተነሥቶ ሲመለስ በመንገድ ላይ ተቃጠለ። ኩፐርና ሾድሳክ ለአራቱ ላባዎች ካሜራቸውን ይዘው ወደ አፍሪካ መጡ፤ በሱዳንም የቤጃ ሰዎችን፣ እንግሊዞች በጠጕራቸው እየሰየሙ የሚቀልዱባቸውን እነዚያን ጀግኖች፣ በገዛ ምድራቸው ላይ ሲጋልቡና ሲፎክሩ አነሡ። እነዚህ የአባቶቻቸውን ስም ይዘው የሚኖሩ ሰዎች ናቸው፤ በ1884 ዓ.ም. በታማይ የእንግሊዝን አራት ማዕዘን ሰልፍ የሰበሩ አባቶች ልጆች ናቸው።

ዋናዎቹ ተዋንያን ግን በካሊፎርኒያ ቀርተው በዚያው አገር አሸዋ ላይ ተጫወቱ። አሕመድ የተባለውን ሰው ሆኖ የታየው ኖብል ጆንሰን ነው። ከዚያም የሁለቱ አገር ሥዕል በመቀስ እየተቆረጠ አንድ ላይ ተሰፋ። ተመልካቹ በአንድ ጊዜ የሚያያቸው የቤጃው ፈረሰኛና የሚዙሪው ተዋናይ በእውነት ተያይተው አያውቁም። የቤጃው ሰው መልኩን ሰጠ፤ ስሙ ግን በተዋንያን ዝርዝር ላይ አልተጻፈም። የኖብል ጆንሰን ስም ተጻፈ፤ የታየው መልክ ግን የእርሱ አልነበረም። ሁለቱም ግማሽ ግማሽ ብቻ ተከፈሉ።

ከቀይ ባሕር ኮረብቶች ተነሥቶ በከሰላና በገዳሪፍ በኩል ወደ ሰናር የሚወርደው የምድር ባቡር ሐዲድ ሥራው የተፈጸመው በዚያው በ1929 ዓ.ም. ነው። ሐዲዱ ጥጥና እህል ይዞ ወደ ወደብ ሲወጣ፣ የአገሩ ሰው ሥዕል ደግሞ በብረት ሣጥን ታሽጎ ወደ ሆሊውድ ሄዷል። ጥጡና እህሉ ግን ባለቤት ነበረው፤ ዋጋም ተጠየቀበት።

ድምፅ የመጣ ጊዜ

ከ1927 ዓ.ም. ወዲህ ሲኒማ መናገር ጀመረ። ሰው ሁሉ አንደበት ሲያገኝ ለኖብል ጆንሰን የተሰጠው ባብዛኛው ዝምታ ነው። በ1932 ዓ.ም. «እጅግ አደገኛው አደን» በተባለው ፊልም ፊቱን ነጭ ቀለም ተቀብቶ ኢቫን የሚባል ሩሲያዊ ኮሳክ ሆነ፤ ኢቫን ግን ዲዳ ነበረ። በዚያው ዓመት «ሙሚያው» በተባለው ፊልም ጌታው ያዘዘውን የሚፈጽም ኑብያዊ አሽከር ሆነ፤ እንደገና የሱዳንን ሰው መልክ ለበሰ። በ1933 ዓ.ም. ኩፐርና ሾድሳክ በሠሩት፣ ዓለም ሁሉ ባየው በ«ኪንግ ኮንግ» ፊልም የደሴቲቱ አለቃ ሆኖ፣ ለፊልሙ በተዘጋጀ ባዕድ ቋንቋ ሲናገር ይሰማል። ይህ ፊልም በየአገሩ እየታየ ስለ ኖረ፣ ስሙን የማያውቁ ብዙ ሚሊዮን ሰዎች መልኩን ያውቁታል። በ1940 ዓ.ም. ከመቃብር የተነሣ በድን ሆኖ ተጫወተ። በ1949 ዓ.ም. ከጆን ዌይን ጋራ በታየበት ፊልም እንደገና ቀይ ሕንድ ሆነ፤ በገባበት በር ወጣ ማለት ነው። በ1950 ዓ.ም. ሥራውን ተወ።

የሱዳንን ሰው ሌላ ሰው ሆኖ ማሳየቱ በእርሱ አላበቃም። እንግሊዞች በ1939 ዓ.ም. አራቱ ላባዎችን በቀለም እንደገና ሲሠሩ፣ ካሜራቸውን ወደ ሱዳን ይዘው ሄደው ነበር፤ ነገር ግን ኸሊፋ ዐብደላሂን እንዲጫወት ያደረጉት ጆን ሎሪ የተባለውን የስኮትላንድ ሰው ነው።

ወረቀት የጠበቀው ስም

ኖብል ጆንሰን ሥራውን ከተወ በኋላ በካሊፎርኒያ በጸጥታ ኖሮ በጥር 1978 ዓ.ም. በዘጠና ስድስት ዓመቱ ዐረፈ። የተቀበረውም ማርክ ኖብል በሚል ስም ነው። የሕንድ መስፍን፣ ኮሳክ፣ ኑብያዊ፣ የደሴት አለቃ ሆኖ የኖረው ሰው በመቃብሩም ላይ እንኳ በዓለም የታወቀበት ስም አልተጻፈም።

የሊንከን ኩባንያ ፊልሞች በአብዛኛው ጠፍተዋል፤ ከ«በልደት መብት» የተረፈው ጥቂት ደቂቃ የሚታይ ቁራጭ ነው። ታዲያ ይህ ሁሉ ታሪክ በምን ታወቀ ቢባል፣ መልሱ ለመዝገብ ቤት ሰዎች ደስ የሚያሰኝ ነው። የፖስታ ቤቱ ጸሓፊ ጆርጅ ጆንሰን ያንዱንም ደብዳቤ ቅጂ አልጣለም። የቴያትር ቤቶችን መልስ፣ የገቢና የወጪ ሒሳብ፣ የጋዜጣ ቁራጭ፣ የማስታወቂያ ወረቀት ሁሉ ሰብስቦ ለዐሥርተ ዓመታት ጠበቀ። ይህ ስብስብ ዛሬ በሎስ አንጀለስ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል፤ የጥንቱን የጥቁሮች ሲኒማ ታሪክ የሚጽፍ ሁሉ ከዚያ ይቀዳል። ታላቁ ወንድም ፊቱን ለዓለም ሰጥቶ ስሙ ሊጠፋ ሲል፣ ታናሹ ወንድም በጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ በወረቀት አዳነው።

በጠረፍ የሚኖር ሰው የጽሑፍን ዋጋ ለማወቅ አስተማሪ አያሻውም። በፋሽጋ ምድር ስለ ወሰን ክርክር ሲነሣ በ1902 ዓ.ም. የተጻፈው ውልና በ1903 ዓ.ም. የተተከለው ምልክት መጠራቱ የታወቀ ነው። የመሬት ድንበር በወረቀት እንደሚጠበቅ ሁሉ የሰውም መልክና ስም በወረቀት ይጠበቃል። ካሜራ ፊት የጋለቡት የቤጃ ሰዎች ከመካከላቸው ስማቸውን የሚጽፍ አንድ ጆርጅ ጆንሰን ቢኖራቸው ኖሮ፣ የልጅ ልጆቻቸው ዛሬ ያንን ፊልም ሲያዩ እገሌ አያቴ ነው ለማለት በቻሉ ነበር።

ስለ ኖብል ጆንሰን የሚልክ ሰው ካለ ነጭ ላባ ሊልክለት ይችል ይሆናል። ላባውን ከመላኩ በፊት ግን ሁለቱን ዓመታት፣ ከ1916 እስከ 1918 ዓ.ም. ያሉትን፣ መቍጠር ይገባዋል። በእነዚያ ዓመታት አንድ የፈረሰኛ ልጅ ከደመወዙ እየቀነሰ፣ ተምሮ ሥራ የተነፈገ፣ ኋላም በአባቱ እርሻ ላይ ሀብት ያገኘ ሰው ታሪክ በሸራ ላይ አሳየ። ጥቁር አሜሪካዊ በጠባብ አዳራሽ ተቀምጦ ራሱን ሳያፍር ያየበት ጊዜ ነበረ። ከዚያ በኋላ ያሉት ሠላሳ ዓመታት የእንጀራ ናቸው፤ እነዚህ ሁለቱ ግን የእርሱ ናቸው።